ወደ ግራ የተቋጨ ጋቢ

መጽሐፍ የምከራየው እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው። ይህን ስናገር የሚያፍሩልኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ አስተማሪ ነኝና መጽሐፍ ለዕውቀት ነው ማለት ይጠበቅብኛል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ልጅ ከታጨቀበት ክፍል ልጅ ወደታጨቀበት ክፍል እየተዘዋወርኩ ስለ ሕግ የበላይነት፣ ስለ እኩልነት፣ ስለ ሥራ ክቡርነት ስለፈልፍ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ያመሻል። እሱን ዝም የሚያሰኝልኝ የሌላ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ አነባለሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ የተከራየሁት ከአንድ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ሐጂ ስኳርና ሳሙና ከደረደሩበት መደርደሪያ በስተጀርባ መጽሐፍ ያከራዩ ነበር፤ ሽፋኑ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጠ፣ ገጹ የጎደለ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ የተገነጠለ፣ ሁሉም ዓይነት። የጎደለ ሲገጥመኝ «መጨረሻውን እኔ ልንገርሽ» ይሉኝ ነበር፤ አንድ ሳይቀር አንብበውታል። ባለፈው ክረምት ዓይናቸው ደከመ። መንገዱም በየሰሞኑ እየተዘጋ አዲስ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን ብሄድ ሱቁ ተዘግቷል፤ በሩ ላይ በካርቶን «መጽሐፍ የፈለገ ከገበያው በላይ የልጄ ቤት ይሂድ፣ አረንጓዴ በር» የሚል ተለጥፏል።

አረንጓዴውን በር ሳገኘው የመጽሐፍ ቤት አልመሰለኝም። አንዲት ክፍል ናት። ከግድግዳ ግድግዳ በተጋደመ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ልብስ ተሰቅሏል፤ ካፖርት፣ ቀሚስ፣ ሰደርያ፣ ሁሉም በእጅ ከተሸመነ ሸማ የተሰፋ፣ ግን የአገር ልብስ ሱቅ ውስጥ ከምናውቀው ጋር የማይመሳሰል። ጥለት የለው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የለው። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች አሉ። የሐጂ መጻሕፍት ጥግ ላይ በብስኩት ካርቶን እንደታጨቁ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሻሿን አስራ፣ ሜትር አንገቷ ላይ ጥላ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ። አስተምሬአታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ሰልችቷት የእናቷን መኪና ጎትታ ያወጣች ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ይግቡ እንጂ። መጽሐፉን እዚያው ያስቀምጡት» አለችኝ።

«ልብስ ቤት ነው፣ ሥዕል ቤት ነው፣ ወይስ መጽሐፍ ቤት?» አልኳት።

«እኔም ገና አልለየልኝም» አለች።

ሥዕሎቹን የሚሥለው ዲማ አካባቢ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች እጅ የተማረ ጎልማሳ መሆኑን ነገረችኝ። ከአናጢ ቤት በተረፈ ጣውላ ላይ ነው የሚሥለው። ጭቃ የያዛት ባጃጅ፣ የተዘጋ የትምህርት ቤት በር፣ ዝናብ ላይ የቆሙ አህዮች። አንዷ ሥዕል ላይ ባዶ ጉድጓድና ከጉድጓዱ አፍ የተቀመጠ ጥንድ የጎማ ጫማ ብቻ አለ። ሌላ ሰው ቢያየው መቃብር ነው ይል ይሆናል። እኔ የሸማኔ ጉድጓድ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ አውቄም ዓይኔን ወደ መጻሕፍቱ መለስኩ። ከሥዕሎቹ በአንዱም ላይ የሠሪው ስም የለም።

«በስም ጉዳይ ሁልጊዜ እንጣላለን» አለችኝ። «የተማረበት ቤት ስም ስለማይጽፉ ለምዶበት ነው። የኔ ስም ምን ያደርጋል ይለኛል። እኔ ደግሞ ሥራ ባለቤት ይኑረው ባይ ነኝ።» ይህን ብላ የአንዱን ካፖርት አንገት ገልብጣ አሳየችኝ። የፋብሪካ ልብስ ምልክቱ በሚሰፋበት ቦታ ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ሰፍታለች። ጨርቋ ላይ በማይለቅ ቀለም ሦስት መስመር ተጽፏል፤ የሸመነው፣ የቋጨው፣ የሰፋው። ከእያንዳንዱ ፊት የሰው ስም አለ። «ልብስ ከሰማይ አይወርድም፤ ሠሪ አለው» አለች።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። በየዓመቱ ስለ ሥራ ክቡርነት አንድ ምዕራፍ የማስተምረው እኔ ነኝ። ነገር ግን የሸማኔ ስም ሰው አንገት ላይ ተሰፍቶ አደባባይ ሲወጣ ነው የታየኝ። አንድ መጽሐፍ አንሥቼ ወጣሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ አባቴ ሸማኔ ነበር። ከደብረ ኤልያስ ገበያ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ከቤታችን ጎን በተሠራች ዳስ ውስጥ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ ሲያቀባብል ነው የማውቀው። ትንሽ መሬት ነበረችን፤ እሷን ለእኩል አራሽ ይሰጥ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሸማውን ይለብሳሉ፣ ሠርግ ሲደርስ ቶሎ አድርስልን ብለው ደጅ ይጠኑታል። ልጃቸውን ግን ለእኛ አይድሩም። እኔም ከልጆች ጋር ስጣላ የመጀመሪያዋ ስድብ ሸማኔ የሚሰደብባት «ቁጢት በጣሽ» ነበረች። እዚህ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ድሩን ማን እንዳደራው የሚጠይቅ አንድም ቀን አልገጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሸማ ተሸምኖ ሲወርድ ጫፉ ብትን ክር ነው። ያንን ክር እየከፈሉ፣ በመዳፍ እያሹ፣ መልሰው እየገመዱ ዘርፍ ማድረግ የሴትና የልጅ ሥራ ነው፤ መቋጨት የሚባለው። እኔ ግራኝ ነኝ። ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ፣ እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ፣ ልርዳ ብዬ አንድ ጋቢ ሙሉ ብቻዬን ቋጨሁ። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ የሚገምደውን እኔ ወደ ግራ ገመድኩት። ፈትሉ ከተፈተለበት አኳኋን ተገልብጦ የተገመደ ዘርፍ ደግሞ አይጸናም፤ በአንድ እጥበት ይበተናል። አባቴ በማግሥቱ ገበያ ሊያወጣው የነበረ ጋቢ ነው። ዘርግቶ አየው፣ እኔን አየኝ፣ አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ የእያንዳንዷን ዘርፍ ጫፍ እንዳትፈታ አንድ በአንድ ቋጠራት። ከዚያም «ይኸስ የኔ ይሁን» ብሎ ለራሱ አስቀረው። የክት ልብሱ እሱ ሆነ።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ደብረ ማርቆስ መጥቼ ቤት ተከራየሁ። አንዲት ክፍል ለሁለት ነው፤ አብራኝ የምትኖረው ከመርጡለ ማርያም አካባቢ የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። አባትሽ ምን ይሠራል ስትለኝ ገበሬ ነው አልኳት። ውሸቷ ትንሽ ነበረች፤ መሬት አለን አይደል? አንድ ቅዳሜ አባቴ ግማሹን በጭነት መኪና ግማሹን በእግሩ ተጉዞ፣ ያን ጋቢ ለብሶ፣ ስንቄን በትከሻው ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቱ ብድግ ብላ «እንደምን ዋሉ፣ ማን ልበል?» አለችው።

አባቴ ከመመለሱ በፊት ፊቴን አየ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አውቃለሁ።

«ጎረቤት ነኝ። ወዲህ ስመጣ ስንቋን አድርስልን ብለውኝ ነው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አባትሽ በርቺ ብሎሻል» አለኝ።

«እሺ፣ ደህና ናት በሉልኝ» አልኩት። አባቴን በዕድሜዬ ሙሉ አንቱ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ውኃ እንኳ ጠጣ አላልኩትም። ስንቁን ተቀብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ዕቃ የማስቀምጥ መስዬ ጥግ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ኮቴው ራቀ። ከዚያ በኋላ ስንቄን እውነተኛ ጎረቤቶች ያመጡልኝ ጀመር። እሱ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ሆዴም ፈጀው።

ውሸት አንድ ጊዜ ከተናገሯት ቀለብ ትፈልጋለች። የኔዋን ስቀልብ ኖርኩ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ ደህና ሰው ሽማግሌ ልላክ ብሎኝ ነበር። ወደድኩት፤ ይህን አሁን መደበቅ አያስፈልገኝም። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ደጃችን ደርሰው ጉድጓዱን ሲያዩ ታየኝና አይሆንም አልኩት። ለምን ቢለኝ ዝም አልኩ። እሱም ሌላ አገባ፣ እኔም አረጀሁ። አባቴ ሲሞት እናቴ ልብሱን እንደ ወጉ ለንስሐ አባቱ ሰጠች። ጋቢው ከዚያ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም።

ያም ሆኖ ወደ አረንጓዴው በር መመላለሴን አልተውኩም። ከሐጂ ካርቶኖች ሥር በሃያ ዓመት ያልደረስኩባቸው ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት ወጡ፤ እንቅልፍ የማያመጡ፣ እንዲያውም የሚነሡ። ልጅቱ አንብባ በቀጭን ወረቀት ላይ አስተያየቷን ትጽፍና በመካከሉ ትተውልኛለች፤ እኔም መልስ ጽፌ እመልሳለሁ። ሥዕሎቹን መለማመድ ያዝኩ። የጉድጓዱን ሥዕል ብቻ ጀርባ ሰጥቼው ነበር የምቀመጥ። ጥሩ መጽሐፍ ስለ አባት ሲያወራ አባትየው ገበሬ ነው፣ ወታደር ነው፣ የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ ሸማኔ አባት እስካሁን አልገጠመኝም። ቢገጥመኝስ አንብቤ እጨርሰው ነበር ወይ? አላውቅም። ብቻ ሳላስበው ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርኩ፤ እንደኔ ለደከመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ስገባ አጣናው ላይ አዲስ ካፖርት ተሰቅሏል። ከአሮጌ ወፍራም ጋቢ የተሰፋ ነው፤ ከመታጠብ ብዛት የቅቤ መልክ ይዟል። ዘርፉን አልቆረጠችውም፤ በታችኛው ጫፍ ዙሪያውን እንዲንጠለጠል ትታዋለች። ዘርፉ ወደ ግራ የተቋጨ ነው። የእያንዳንዷ ጫፍ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ቋጠሮ አለች። ሳላውቀው ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከገበያ ነው። አሮጌ ጋቢ የሚሸጡ ሴትዮ አሉ። እንዲህ ያለ ፈትል ዛሬ የት ይገኛል? ዘርፉን አዩት ቲቸር? ወደ ግራ ነው። ሠሪው አስቦበት ነው፤ ዲዛይን ነው።»

ስህተት ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «እኔ ልውሰደው» አልኳት። ልለብሰው አልነበረም። ወስጄ ሣጥን ውስጥ ልቆልፍበት ነው።

«ገና አልሸጠውም» አለች፤ አንገቱንም ገልብጣ አሳየችኝ። ጨርቋ ላይ የሰፋው በሚለው ፊት የእሷ ስም አለ። የሸመነውና የቋጨው ባዶ ናቸው። «ሴትዮዋን ጠይቄ ነበር፤ በደብረ ኤልያስ በኩል የመጣ ነው ከማለት በቀር አያውቁም። ሠሪው ሳይታወቅ አልሸጥም ብዬ ነው። እርስዎ የዚያ አገር ሰው አይደሉ? ምናልባት ያውቁ እንደሆን።»

«ጎረቤታችን ነበሩ» አልኩ።

«እውነት? ስማቸው ማን ይባላል?»

«አሁን አልመጣልኝም።»

የአባቴ ስም ነው ያልመጣልኝ። መጽሐፍም ሳልይዝ ወጣሁ።

ያን ሳምንት ማንበብ አልቻልኩም። ገጹን እገልጣለሁ፣ የምሰማው «አባትሽ በርቺ ብሎሻል» የሚለውን ድምፅ ነው። ክፍል ገብቼ የሥራ ክቡርነትን ሳስተምር ጠመኔው ከእጄ እየወደቀ አስቸገረኝ። ከሁሉ የከበደኝ አዲሷ ውሸት ነበረች። በአሮጌዋ ጊዜ ልጅ ነበርኩ እላለሁ። አሁን ማንን ፈርቼ ነው? እናቴም የለች፣ ደጃችንም የለ፣ ጉድጓዱንም አፈር ሞልቶታል። ምንም የማጣው ነገር ሳይኖረኝ ለሁለተኛ ጊዜ ጎረቤት አደረግሁት። ይህን ሳስብ በራሴ ላይ ንዴት አይሉት ኀዘን፣ ብቻ ደከመኝ።

ዓርብ ከክፍል ወጥቼ ቀጥታ ወደ አረንጓዴው በር ሄድኩ። ልጅቱ እየሰፋች ነበር።

«አባቴ ነው» አልኳት።

መኪናዋን አቆመች። የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ካፖርቱን አውርዳ አንገቱን ገልብጣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝና ብዕሩን ሰጠችኝ። «የኛም አያት ሸማኔ ነበሩ» አለች። «እሳቸውም መካ ሄደው ሐጂ ሲሆኑ ጊዜ ነው ሰው ሸማኔነታቸውን የረሳላቸው።» ሳልወድ ሳቅሁ።

የሸመነው ከሚለው ፊት የአባቴን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። ፊደሉ አላማረም።

«የቋጨውንስ ያውቃሉ?» አለችኝ።

ከሁለተኛው መስመር ፊት «ልጁ» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል ልጅቱ ብዕሩን የያዘውን ግራ እጄን ታያለች። ከእጄ ወደ ዘርፉ፣ ከዘርፉ ወደ እጄ ተመለከተች።

«ስህተት ነው» አልኳት፤ «ዲዛይን አይደለም።»

«ይሁን» አለች። «ሲያምር አይከፋም።»

ሰኞ ጠዋት የገዛሁትን ካፖርት ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይበሳ ስለነበር ለመልበሴ ምክንያት አላጣሁም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ደብተር ታርም ነበር። ያቺው የመርጡለ ማርያሟ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ተከራይተን የተማርን፣ አሁን እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ የምታስተምር። ልብስ ስታይ አንገቱን ገልብጣ የት እንደተሠራ ማንበብ ልማዷ ነው።

«እስቲ ዞር በይ» ብላ ገለበጠችው። አነበበችው።

«እኚያ ጎረቤትሽ ናቸው?» አለችኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ያኑ ዕለት ነው ያወቅሁ። ቁርጥ አንቺን ናቸው። ደግሞ አንቺ ወደ ውስጥ ስትገቢ እኔ እስከ አስፋልቱ ሸኝቻቸዋለሁ። ‹ብርድ አትችልም። በግራዋ ስትጽፍ ደግሞ አትሳቁባት› አሉኝ። እንዲህ የሚል ጎረቤት የት አለ?»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ እኔ ልናገር?»

ዘርፉን በጣቴ እያፍተለተልኩ ቁጭ አልኩ። ከዚያ መጠየቅ የማልፈልገውን ጠየቅኋት። «ሽማግሌ ልላክ ያለኝ ሰውዬስ?»

ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያውቅ ነበር። ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ። ‹ታዲያ ምን አለበት› ነው ያለኝ። ሌላ የምትወጂው ሰው ያለ መስሎት ነው የተወሽ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። አልተቆጣኋትም። ሠላሳ ዓመት የተሸከሙት ጆንያ ባዶ እንደነበር ሲነገር ትከሻ የሚቀለው ይመስላል፤ አይቀለውም። የእሱን ፊት ላስታውስ ሞከርኩና አቃተኝ። የታየኝ በሩ ላይ ስንቅ ተሸክሞ የቆመው አባቴ ነው። ከጋቢው ዘርፍ አንዲቱን ይዤ ቋጠሮዋን በጥፍሬ ሞከርኳት። አልተፈታችም።

«አስፋልቱ ላይ ስትሸኚው» አልኳት፣ «ውኃ ጠጣ?»

መልሳ ሳትጠይቀኝ ገባት። «ጠጡ እንጂ» አለችኝ። «ከጠላ ቤቷ ሴትዮ ለምኜ ሰጠኋቸው። ሁለት ጣሳ ጠጡ።»

ደወሉ ተደወለ። ካፖርቱን ሳላወልቅ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።